የፊት ሰብፍሬም ሲወርድ ሰስፔንሽኑን የት ላይ መፍታት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከ«ተማሪ መካኒክ»

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዳ፣ የፊት ሰስፔንሽኑም የማክፈርሰን ዓይነት የሆነ ተራ የቤት መኪና ነው። ባለፈው ሳምንት ዘይት ልቀይር ከሥሩ ገብቼ ሳለ፣ በሰብፍሬሙ (ሞተሩ ሥር ሆኖ ሰስፔንሽኑን በሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ) በስተግራ ከኋላ በኩል፣ የብራቾው (ጎማውን ከሰብፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው የታች ክንድ) የኋላ ጎሚኒ (የላስቲክ መገጣጠሚያ) ከሚቀመጥበት አጠገብ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ አየሁ። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሳደርገው ብረቱ እንደ ራሰ ካርቶን ተበሳ፤ ከውስጡም ቡናማ ዱቄት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ይህ ክፍል የጎማውን ጉልበት የሚቀበል በመሆኑ ቆርቆሮ ለጥፌበት ልነዳ አልፈለግሁም። ስለዚህ ዝገት ያልነካው ሌላ ሰብፍሬም አግኝቼ፣ አጽድቼና ቀለም ቀብቼ አዘጋጅቻለሁ።

ችግሬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በእጄ ያለው የጥገና መመሪያ ጎማዎቹን ካስወለቀ በኋላ ፍሬኑን፣ የድራይቭ ሻፍቱን (ጉልበትን ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን ዘንግ) የመሐል ዳዶ፣ ናክሉን (ጎማው የሚታሰርበትን ብረት) እና ሾክ አብዞርበሩን ሁሉ ያስፈታና ሰብፍሬሙን የሚያወርደው በመጨረሻ ነው። እነዚህ ሁሉ በእኔ መኪና ላይ ጤነኞች ናቸው። ጤነኛ የሆነን ነገር በፈታሁ ቁጥር አዲስ ችግር የመፍጠር ዕድል እንደምከፍት ከዚህ በፊት ተምሬያለሁ፤ የድራይቭ ሻፍቱ ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ መተካት አለበት፣ የፍሬን ካሊፐር ሲወርድ ቱቦው ይታጠፋል፣ የኤቢኤስ ሴንሰሩም ዝገት ይዞት ከነበረ ሲነካ ይሰበራል።

ፍሬንና ሾክ አብዞርበር ቀይሬ አውቃለሁ፤ ባልጆይንትም (ብራቾውን ከናክሉ ጋር የሚያገናኘውን ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ቀይሬያለሁ። ሰብፍሬም ግን አውርጄ አላውቅም። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ እንድታስረዱኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ብራቾውን ከባልጆይንቱ በኩል ልፍታው ወይስ ከሰብፍሬሙ በኩል? የመሪው ራክ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል) ሰብፍሬሙ ላይ የታሰረ ስለሆነ ቧንቧዎቹን ሳልከፍት ላቆየው የምችልበት መንገድ አለ? ሞተሩስ ከታች የሚይዘው ሊንክ ሲፈታ በምን ይቆማል?

መልስ፦ ከ«የሻሲ ሠራተኛ»

ሰብፍሬሙ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው በአብዛኛው በ4 ወይም በ6 ትላልቅ ብሎኖች ብቻ ነው። ሥራውን የሚያስረዝሙት እነዚህ ሳይሆኑ በላዩ ላይ ተጭነው ያሉት ናቸው፤ ማለትም ሁለቱ ብራቾዎች፣ የመሪው ራክ፣ ስታቢላይዘሩ (መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያዘነብል ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘው ዘንግ)፣ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው የታች ሊንክ፣ በአንዳንድ መኪናም የጭስ ማውጫው ማንጠልጠያ። እያንዳንዳቸው ሁለት ጫፍ አላቸው፤ አንዱ ጫፋቸው ሰብፍሬሙ ላይ ነው፣ ሌላው ደግሞ ከሰብፍሬሙ ውጪ። ከሁለቱ አንዱን መፍታት ይበቃል። መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያስፈታል፤ ምክንያቱም የተጻፈው ለማንኛውም ዓይነት ጥገና እንዲያገለግል ተደርጎ ነው።

የትኛው ጫፍ ይፈታ የሚለውን የሚወስነው ሰብፍሬሙ ለምን እንደሚወርድ ነው። ያው ሰብፍሬም ተመልሶ የሚገባ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለመሪ ራክ ወይም ለዘይት ኮፓ ጓርኒሲዮን ተብሎ የሚወርድ ከሆነ፣ ብራቾውን ከሰብፍሬሙ ጋር እንደታሰረ ትቶ ባልጆይንቱ ላይ መለየት ይሻላል። እንዲህ ሲሆን የብራቾው ጎሚኒዎች ብሎን ስለማይነካ ጎሚኒዎቹ የተቀመጡበት አቀማመጥ አይለወጥም። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሰብፍሬሙ ስለሚቀየር ብራቾዎቹ በማንኛውም መንገድ ከአሮጌው ተፈትተው አዲሱ ላይ መታሰራቸው አይቀርም። የውስጥ ብሎኖቹን መፍታት የማይቀር ከሆነ ባልጆይንቱን ለምን ይነካሉ? የውስጥ ብሎኖቹን ብቻ ፈትተው ብራቾውን ከናክሉ ጋር ተንጠልጥሎ እንዲቀር ያድርጉት፤ እንዲህ ሲያደርጉ ሰብፍሬሙ በመካከላቸው ለብቻው ይወርዳል።

ራኩን በተመለከተ፣ ከሰብፍሬሙ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ብቻ ፈትተው በጠንካራ ማሰሪያ ከላይ ካለው የመኪናው አካል ጋር ያንጠልጥሉት። ቲራንቲዎቹ (ራኩን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች) ከናክሉ ጋር እንደታሰሩ ይቆያሉ፣ የዘይት ቧንቧዎቹ አይከፈቱም፣ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያም አይነካም። ብሎኖቹ ከላይ ብቻ የሚደረስባቸው ከሆኑና መጋጠሚያውን መፍታት ግድ ከሆነብዎ፣ በመጀመሪያ ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው መሪውን ይቆልፉ፣ በመጋጠሚያውም ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ። መሪው ከራኩ ተለይቶ በነፃ ከዞረ በውስጡ ያለው የኤርባግ ጠመዝማዛ ሽቦ መሐሉን ይስታል፤ ይህ ሳይታወቅ ሥራው ካለቀ በኋላ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ይበጠሳል። ራኩ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን ከመንቀልዎ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፍቱ።

ስታቢላይዘሩ ከሰብፍሬሙ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱን የጎሚኒ ማቀፊያዎች ብቻ መፍታት ይበቃል፤ ዘንጉ በሊንኮቹ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለቱም ጎማዎች በአንድነት ተንጠልጥለው እስካሉ ድረስ ዘንጉ ጉልበት ስለማይኖረው አይፈናጠርም። አንዱን ጎን ብቻ አንሥተው ለመፍታት ግን አይሞክሩ።

ሞተሩን ከላይ ይያዙት። የፊት ሁለቱን ፓራፋንጎዎች የውስጥ ጠርዝ ተሻግሮ የሚቀመጥ የሞተር ማንጠልጠያ ብረት አለ፤ ሰንሰለቱ ሞተሩ ላይ ለማንሻ ተብሎ በተሠራው ቀለበት ይገባል። በእርስዎ ዓይነት መኪና ሞተሩ የሚሸከመው በግራና በቀኝ ባሉት የላይ መሸከሚያዎች ከሆነ፣ የታቹ ሊንክ ሲፈታ አይወድቅም፤ ነገር ግን እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል፣ የጭስ ማውጫውን ተጣጣፊ ክፍልም ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ የግድ ይያዝ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ብዙ ሰው የመኪናውን ፊት ሲያነሣ ክሪኩንም ስታንዱንም የሚያስቀምጠው ሰብፍሬሙ ሥር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስታንዱ የግድ ከበሩ ሥር ባለው ማንሻ ነጥብ ወይም በሻሲው ጠንካራ ክፍል ላይ መቆም አለበት፤ የኋላ ጎማዎችም በሽብልቅ ይታገዱ። መኪናው ከቆመ በኋላ ከሥሩ ከመግባትዎ በፊት በእጅዎ በደንብ ነቅንቀው ያረጋግጡ።

መልስ፦ ከ«የድሮ መኪና ወዳጅ»

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ሆኖም ዝገት ሰብፍሬሙን እስኪበሳው ድረስ በቆየበት መኪና ላይ የውስጥ ብሎኖቹ በቀላሉ ይወጣሉ ብዬ አላምንም። የብራቾው ጎሚኒ በመሐሉ የብረት ቱቦ አለው፤ ብሎኑ የሚያልፈው በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ውሃና ጨው ለዓመታት ሲገባበት ብሎኑና ቱቦው አንድ ብረት ይሆናሉ። ዳዶውን ፈትተው ብሎኑን ሲያዞሩት ቱቦው አብሮ ይዞራል፣ ጎሚኒውም አብሮ ይጠመዘዛል እንጂ ብሎኑ አይወጣም። በዚህ ላይ በብዙ መኪና የፊተኛው ብሎን ወደ ካምቢዮው አቅጣጫ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሰብፍሬሙ ጥቂት ካልወረደ በቀር ጭንቅላቱ ካምቢዮው ላይ ይደገፍና ግማሹ ሳይወጣ ይቆማል።

ስለዚህ እኔ ባልጆይንቱ ላይ መለየትን እመርጣለሁ። ብራቾዎቹን ከሰብፍሬሙ ጋር አንድ ላይ አውርደው መሬት ላይ፣ ቦታ ባለበት፣ በሞርሳና በመጋዝ ይታገሏቸው። ከመኪና ሥር በጀርባ ተኝቶ ከተጣበቀ ብሎን ጋር መታገልና ቆሞ መታገል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የባልጆይንቱ አስተሳሰር ግን ከመኪና መኪና ይለያያል፣ አፈታቱም እንዲሁ። በብዙ የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች ባልጆይንቱ ከብራቾው ጋር የሚያያዘው በ1 ብሎንና በ2 ዳዶ ስለሆነ፣ እነሱን ፈትቶ ብራቾውን ወደ ታች መጫን ብቻ ይበቃል፤ ሾጣጣውን ክፍል መንካት አያስፈልግም። ባልጆይንቱ ናክሉ ውስጥ ገብቶ በአንድ አጥባቂ ብሎን የሚያዝ ከሆነ፣ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጥተው በናክሉ ስንጥቅ ውስጥ ሽብልቅ በቀስታ በማስገባት ጥቂት ይክፈቱት። ሾጣጣ ሆኖ በዳዶ የሚታሰረውን ደግሞ በመለያያ መሣሪያ ያላቅቁት። ሹካ የሚመስለው መሣሪያ የጎማ ሽፋኑን ይቀደዋል፤ ባልጆይንቱ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ አይጠቀሙበት። ናክሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ በመዶሻ መምታቱም መቅረት አለበት።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። የመጀመሪያውን ሰብፍሬም ሳወርድ ባልጆይንቱን ከለየሁ በኋላ ናክሉን አላሰርሁትም ነበር። ናክሉ ከሾክ አብዞርበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውጪ ሲወዛወዝ ድራይቭ ሻፍቱን ጎተተው፤ በካምቢዮው በኩል ካለው መጋጠሚያ ውስጥም የጠብታ ያህል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን ንቄ ሥራዬን ቀጠልሁ። መኪናውን ገጥሜ ልነዳ ስል ከፊት የሚንገጫገጭ ድምፅ ሰማሁና የጎማ ሽፋኑን ብከፍት፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ባለ ሦስት እግሩ ክፍል ከሚቀመጥበት ጽዋ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ድራይቭ ሻፍቱን ላለመንካት ብዬ የጀመርሁት ሥራ ድራይቭ ሻፍቱን ሙሉ በሙሉ አስፈታኝ። ከዚያ ወዲህ ባልጆይንቱ ከመለየቱ በፊት ናክሉን በማሰሪያ ወደ ውስጥ ስቤ ከመኪናው አካል ጋር ሳላስር ምንም ነገር አልፈታም። የእርስዎም ብራቾ በየትኛውም ጫፍ ቢፈታ ይህ አደጋ ያው ነው፤ ናክሉን ከታች የሚይዘው ብራቾው ነውና።

መልስ፦ ከ«ባለ ስድስት ሲሊንደር»

የእኔ መኪና ቢኤምደብሊው ኢ46 ስለሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል መጥቀሱ ይጠቅማል። በዚህ መኪና ሁለቱ የሞተር መሸከሚያዎች የተቀመጡት ራሱ ሰብፍሬሙ ላይ ነው። ሰብፍሬሙ ሲወርድ ሞተሩ የሚቆምበት ምንም ነገር አይኖረውም፤ ስለዚህ የማንጠልጠያው ብረት በቦታው ሆኖ ሰንሰለቱ ካልተወጠረ በቀር አንዲት ብሎን እንኳ መላላት የለባትም። የዘይት ኮፓውን ጓርኒሲዮን ለመቀየር ስነሣ ማውለቅ ሳያስፈልገኝ ዝቅ ማድረግ ብቻ በቅቶኛል። የራኩን ብሎኖች ፈትቼ ራኩን ከላይ አንጠለጠልሁት፤ የብራቾውን የኋላ ጎሚኒ መያዣ ደግሞ በእያንዳንዱ ጎን በ2 ብሎን ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ስለሆነ እሱን ፈታሁ። የውጪውን ባልጆይንት አልነካሁም። መኪናዎ ሞተሩን የሚሸከመው በየት እንደሆነ ከመጀመርዎ በፊት በዓይንዎ ማየቱ ከሁሉ ይቀድማል።

ጠያቂው፦ «ተማሪ መካኒክ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሞተሬ በላይ መሸከሚያዎች የተያዘ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሌላ ምንም ሳልነካ የብራቾዎቹን የውስጥ ብሎኖች ለመፈተሽ 3 ምሽት በተከታታይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጨሁባቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን ሩብ ዙር ብቻ ሞከርሁ። በቀኝ በኩል ሁለቱም ተላቀቁ። በግራ በኩል የፊተኛው ተላቀቀ፤ የኋላው ግን «የድሮ መኪና ወዳጅ» እንዳሉት ከነቱቦው አብሮ ዞረ፣ ጎሚኒውም ሲጠመዘዝ በግልጽ ይታያል። ሁሉንም መልሼ አጥብቄያቸዋለሁ።

ሁለት ነገሮች ግን አሁንም ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ አዲሱን ሰብፍሬም ከአሮጌው ቦታ በትክክል እንዴት አስቀምጠዋለሁ? የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ከብሎኖቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። ሁለተኛው፣ ዋናዎቹ ብሎኖች ሻሲው ውስጥ በተበየደ ዳዶ ላይ የሚገቡ ይመስላሉ፤ ያ ዳዶ ተላቆ አብሮ ቢዞር ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ከ«የሻሲ ሠራተኛ»

የሞከሩበት ቅደም ተከተል እጅግ ትክክል ነው። እንግዲህ በቀኝ በኩል ባልጆይንቱን አይንኩ፤ በግራ በኩል ግን ባልጆይንቱ ላይ ይለዩና ብራቾውን ከሰብፍሬሙ ጋር አውርዱት። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ የዚህ መድረክ ወንድሜ ስለ ዝገቱ ያሉት በግራው ላይ እውነት ሆኗልና እኔም እቀበለዋለሁ።

ስለ አቀማመጡ በደንብ ልግለጽ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሰብፍሬሙ ብሎኖቹ እስከገቡ ድረስ ቦታውን የያዘ ይመስለዋል። ሰብፍሬሙ ወደ ጎን ሲሸሽ የሁለቱም ብራቾዎች ውጫዊ ጫፍ አብሮ ይሸሻል፤ የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ጫፍ ግን ባለበት ይቀራል። ከባልጆይንቱ እስከ ሾኩ የላይ መያዣ ያለው ቁመት 60 ሴንቲሜትር ያህል ነው ብንል፣ ሰብፍሬሙ 3 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ቢሸሽ የቀኙ ጎማ ካምበር (ከፊት ሲታይ ጎማው የሚያዘነብልበት ማዕዘን) በ0.3 ዲግሪ ገደማ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል፣ ማለትም የጎማው የላይኛው ጫፍ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የግራው ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ፖዘቲቭ ይመለሳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት 0.6 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን እንዲስብ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ በኋላ ቲራንቲውን ቢያስተካክሉት ካምበሩ አይስተካከልም። ሰብፍሬሙ በአንድ በኩል ወደ ፊት፣ በሌላ በኩል ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ የሚበላሸው ካስተሩ (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚዞርበት መስመር የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ነው።

ስለዚህ አሮጌው ከመላላቱ በፊት በየብሎኑ ዙሪያ ያለውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ ሰብፍሬሙ ከመኪናው አካል ጋር የሚነካካበትን ጠርዝ ተከትለው በሹል ነገር አካሉ ላይ መስመር ያሥምሩ። አዲሱ ሰብፍሬም ሌላ ስለሆነ ምልክቱ የሚሠራው አካሉ ላይ ከተሠመረ ብቻ ነው፤ ሮንዴላው ሰብፍሬሙ ላይ የሚተወው አሻራ ለእርስዎ አይጠቅምም። ብዙ ሰብፍሬም በሁለት በኩል፣ ብሎን የማይገባበት፣ ከአካሉ ቀዳዳ ጋር የሚገጥም ንጹሕ ክብ ቀዳዳ አለው። ይህ ለማስተካከያ የተተወ ነው። ልኩ የሆነ የመሰርሰሪያ ድሪል ለስላሳ ግንዱን ወደ ላይ አድርገው በሁለቱም ቀዳዳዎች ቢያስገቡ ሰብፍሬሙ ራሱ ቦታውን ይይዛል። ብሎኖቹ በሙሉ በእጅ እስኪገቡ ድረስ አንዱንም አያጥብቁ፤ ድሪሎቹም የመጨረሻው ጥብቀት እስኪሰጥ ድረስ አይውጡ።

ሰብፍሬሙ ለብቻውም ከባድ ነው፤ አንድ ብራቾ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በአንድ ክሪክ አያውርዱት። ወፍራም ጣውላ በአግድም አድርገው ሁለት ክሪክ ከሥሩ ያድርጉ። የኋላዎቹን ሁለት ብሎኖች አውጥተው በምትካቸው ተመሳሳይ ጥርስ ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ከዳዶ ጋር ቢያስገቡ፣ ሰብፍሬሙ በዘንጎቹ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሲመለስም ቀዳዳውን ፍለጋ አያደክምዎትም። 5 ሴንቲሜትር ያህል ሲወርድ ቆም ብለው ከላይ ባትሪ እያበሩ የተረሳ ሽቦ፣ የኤቢኤስ ገመድ ማያያዣ ወይም ቧንቧ መኖሩን ይመልከቱ። ሁልጊዜ አንድ የተረሳ ነገር አይጠፋም።

የውስጥ ብሎኖቹን ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ አያጥብቁ። ጎሚኒው የሚሠራው በመንሸራተት ሳይሆን ላስቲኩ በመጠምዘዝ ነው፤ የመሐል ቱቦው ብሎኑ ሲጠብቅ ይቆለፋል። ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ከተቆለፈ፣ መኪናው መሬት ሲረግጥ ላስቲኩ ለዘለቄታው ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ዕድሜውም ያጥራል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ደልዳላ መሬት ላይ እንዳለ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት ለክተው ይጻፉት። ሲጨርሱም ጎማዎቹን ጠንካራ እንጨት ላይ አሳርፈው ያን ቁመት እስኪይዝ ድረስ ክብደቱን ካሳረፉ በኋላ የቶርክ ቁልፉን ይጠቀሙ።

መልስ፦ ከ«የብየዳ ሰው»

ስለ ተበየደው ዳዶ ልመልስ። እንዲህ ያለውን ዳዶ ከቦታው የሚነቅለው አብዛኛውን ጊዜ የአየር ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ በረጅም እጀታ ቁልፍ፣ በእጅ ይፍቱት። ትንሽ ዞሮ ጠንከር ሲል አያስገድዱት፤ መልሰው አጥብቀው፣ ዘይት ጨምረው፣ እንደገና ያላሉት። በዚህ መንገድ ወዲያና ወዲህ ሲባል በጥርሱ ውስጥ ያለው ዝገት ተፈጭቶ ይወጣል። እሳት መጠቀም ካስፈለገ ጎሚኒውን፣ የፍሬን ቧንቧውንና የነዳጅ ቧንቧውን አስቀድመው ያስቡ፤ በሻሲው ሳጥን ውስጥም ተቀጣጣይ የሆነ የፀረ ዝገት ሰም ሊኖር ይችላል።

ዳዶው ከተነቀለ ግን መፍትሔ አለው። በመኪናው ወለል በኩል፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ወይም ከሻሲው ጎን ትንሽ መስኮት ቆርጦ ዳዶውን በቁልፍ መያዝ፣ በኋላም አዲስ ዳዶ በይዶ መስኮቱን መዝጋትና በፀረ ዝገት ቀለም መሸፈን ይቻላል። መኪናው ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ።

ብሎኖቹንም በተመለከተ፣ መመሪያው ቶርክ ሰጥቶ ከዚያ በኋላ በዲግሪ እንዲዞር የሚያዝዝ ከሆነ፣ ያ ብሎን ሲጠብቅ እንዲለጠጥ ታስቦ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መመሪያው በአዲስ ይተካ ካለ አሮጌውን መልሶ መጠቀም ተገቢ አይደለም። መመሪያው ሳያዝዝ ጥርሱ ላይ ግራሶ መቀባትም አልመክርም፤ ጥርሱ ሲለሰልስ በዚያው የቶርክ ቁጥር ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይወጠራል።

ጠያቂው፦ «ተማሪ መካኒክ»

ሥራው ስላለቀ የሆነውን ላሳውቃችሁ። በ2 ቀን ጨርሻለሁ። ፍሬኑም፣ ሾኩም፣ የድራይቭ ሻፍቱ ዳዶም አልተነካም።

ከማንሣቴ በፊት የለካሁት ቁመት በግራ 36.5፣ በቀኝ 37 ሴንቲሜትር ነበር። ሁለቱን ናክሎች አስቀድሜ በማሰሪያ ወደ ውስጥ ስቤ አሰርኋቸው። የራኩ ብሎኖች በጎማው ቤት በኩል በረጅም ማራዘሚያ ስለተደረሰባቸው የመሪውን መጋጠሚያ አልፈታሁም። በቀኝ በኩል ብራቾው ከናክሉ ጋር ቀረ፤ በግራ በኩል የባልጆይንቱን አጥባቂ ብሎን አውጥቼ ሽብልቅ ስላስገባሁበት በሁለት ጫና ወጣ። ሰብፍሬሙ በረጃጅሞቹ ዘንጎች ላይ ሲወርድ፣ በ5 ሴንቲሜትሩ ቆሜ ስመለከት፣ የራኩ የዘይት ቧንቧ በአንዲት ትንሽ ማያያዣ ከሰብፍሬሙ ጀርባ ጋር ታስሮ አየሁ። ባልቆም ኖሮ ያ ቧንቧ ታጥፎ ነበር።

ከዋናዎቹ ብሎኖች የግራው የኋላ አንዱ እጅግ አስቸገረኝ፤ ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያልሁ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ዳዶው ግን አልተነቀለም። የተጣበቀውን የብራቾ ብሎን ሰብፍሬሙ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ በግራይንደር በሁለቱም በኩል ቆረጥሁት። የዚያ ጎሚኒ ላስቲክ ስለተቀደደ በአዲስ አስቀየርሁት፤ ብሎኑንም እንዲሁ።

አዲሱን ስገጥም የድሪሉ ግንድ በቀኙ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ገባ፣ በግራው ግን 2 ሚሊሜትር ያህል አልገጥም አለ። የፊተኛውን ብሎን ጥቂት አላልቼ ሰብፍሬሙን በእንጨት ቁራጭ ገፋ ሳደርገው ገባ፤ ጠርዙም አካሉ ላይ ካሠመርሁት መስመር ጋር ገጠመ። የውስጥ ብሎኖቹን ቁመቱን 36.5 እና 37 ላይ መልሼ አጠበቅሁ። አላይመንት ሲለካ በሁለቱ ጎማዎች ካምበር መካከል ያለው ልዩነት 0.1 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቶው (ከላይ ሲታይ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚያይበት ልክ) ጥቂት ተስተካክሎ መሪው ቀጥ ብሏል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ከሥሩ ገብቼ የብሎኖቹን የቀለም ምልክት አየሁ፤ አንዱም አልተንቀሳቀሰም።